ከእጅ የተነጠቀ ካሳቫ

ወረርሽኙ የፊጂን ዋና ከተማ ሱቫን ባጥለቀለቀበት ዓመት ነርሷ ኡናይሲ በኮሮና ክፍል ውስጥ ቀልድ አታውቅም ነበር። ጓንት ሲወልቅ፣ ጋዋን ሲጠቀለል፣ ጭምብል ሲታሰር ታያለች። እሷ ተረኛ ስትሆን ዶክተሮቹ ሳይቀሩ እጃቸውን ደግመው ይታጠባሉ።

ከታሩሲላ ጋር ስትሆን ግን ሌላ ሰው ናት። ታሩሲላ የማዋለጃ ክፍል ነርስ ነበረች፤ ጡረታዋ የተቃረበ፣ ስኳር ያለባት፣ ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ የሚሰማ። መንደሮቻቸው ከጥንት ጀምሮ አንድ ዘር ነን ስለሚባባሉ ሁለቱ ታውቩ ናቸው። ታውቩ ለታውቩው ያሻውን ይናገራል፤ ከእጁም ያሻውን ይወስዳል። መቀየም ነውር ነው፤ መከልከል ደግሞ ከዚያ የባሰ። ታሩሲላ በዕድሜ እናቷ ብትሆንም ኡናይሲ አንድ ቀን እንኳ አንቱ ብላት አታውቅም።

የዚያን ቀን ዝናብ ስለነበር የሻይ ክፍሉ መስኮቶች ተዘግተዋል። ኡናይሲን ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዋን ይከረክራት ነበር። ድካም ነው ብላ ተወችው፤ ግማሹ ነርስ ታሞ ቤቱ ተኝቶ እሷም ብትቀር ክፍሉን ማን ይይዘዋል? ጭምብሏን አገጯ ላይ አውርዳ የቆርቆሮ ቱናዋን ከፍታ በኮኮናት ወተት የነከረችውን የተቀቀለ የካሳቫ ሥር ገመጠች። ታሩሲላ ገባች።

«እናንተ መንደር ዓሣ አጥማጅ ነን ባዮች፣ ዛሬም የቆርቆሮ ቱና ነው የያዝሽው?» አለችና የተገመጠውን ካሳቫ ከእጇ ነጥቃ አፏ ውስጥ ከተተችው። የሎሚ ቅጠል ሻይዋንም አንስታ ፉት አለች።

ተይ፣ ጉሮሮዬን አሞኛል የሚለው ቃል ኡናይሲ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ክፍሉ በሙሉ እያያቸው ነው፤ ሁሉም መልሷን ይጠብቃል።

«ጨርሺው» አለች። «እናንተ መንደር ሻይ የሚደርሰው ለገና አይደል?»

ነርሶቹ በሳቅ ፈረሱ።

በቀናት ውስጥ ሁለቱም ኮሮና እንደያዛቸው ታወቀ። ኡናይሲ ቤቷ ተኝታ ዳነች። ታሩሲላ ግን ኦክስጅን ላይ ዋለች፤ አደረች። የሆስፒታሉን ኢንፌክሽን የምትከታተለው ሲስተር ሻኩንታላ የታመሙትን ነርሶች አንድ በአንድ ስትጠይቅ ሰነበተች። ብዙዎቹ ኮሮና ክፍል ገብተው አያውቁም፤ አብረው ግን በልተዋል። ነርሶቹን ሰብስባ ማንንም በስም ሳትጠራ ነገረቻቸው።

«በሽተኛ ጋ ስትገቡ ትጠነቀቃላችሁ» አለች። «እርስ በርስ ስትገናኙ ግን ዘመድ ትሆናላችሁ። ቫይረሱ ደግሞ ዘመድ አይመርጥም።»

ከዚያ ወዲህ የሻይ ክፍሉ መስኮት በዝናብም አልተዘጋም። ኡናይሲ ግን ወደዚያ ክፍል መግባት ተወች።

ታሩሲላ ከሆስፒታል ወጥታ ሥራዋን ካቆመች በኋላ ኡናይሲ ናሲኑ ከተማ ቤቷ ድረስ ሄዳ ጠየቀቻት። ታሩሲላ ከስታ በረንዳው ላይ ትራስ ተደግፋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ኡናይሲ በመንገድ ሁሉ ስታዘጋጀው የመጣችውን ንግግር ረሳችው።

«የዚያን ቀን አሞኝ ነበር» አለች። «እያወቅሁ ዝም አልኩሽ።»

ታሩሲላ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጊዜ ወሰደባት።

«ካሳቫውን የነጠቀ ማን ነው? እኔ። እንግዲያው ሳሉም የእኔ ነው። መልሺልኝ ብለሽ እንዳትመጪ።»

ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ኡናይሲ ጀርባዋን እያሻሸች ጠበቀች። ብትቆጣት ይሻላት ነበር። ታውቩ ግን ይቅርታ አይባልም፤ ቢባልም ቀልድ ሆኖ ይመለሳል።

ያመጣችውን ምግብ አወጣች። ሁለት ክዳን ያላቸው ዕቃዎች፣ ሁለት ማንኪያ፣ ሁለት ኩባያ። አንዱን ወደ ታሩሲላ አስጠጋች። ታሩሲላ አየችው፤ ክዳኑን ግን አልነካችውም።

«እንግዳ አደረግሽኝ» አለች፣ በዚህ ጊዜ ሳትስቅ።

ኡናይሲ ዙሪያዋን ቃኘች። ክፍት በረንዳ ላይ ነው ያሉት፤ ነፋሱ ከባሕሩ ይመጣል፤ ሁለቱም ከዳኑ ወራት አልፈዋል። ከራሷ ዕቃ አንድ ካሳቫ አነሳች፤ ጫፉን ገምጣ ቀሪውን እንደ ድሮው በእጇ ያዘችው።

የታሩሲላ እጅ ከጭኗ ላይ ተነሳ። ድሮ ሳይታይ የሚነጥቅ እጅ ነበር። አሁን እያረፈ፣ ትንፋሽ እየጠበቀ መጣ። ኡናይሲ ሌላ ቦታ የምታይ መስላ፣ እጇን ሳታንቀሳቅስ ጠበቀችው።