ከቅርፊቱ በታች

ሽማግሌው አናጢ በአበባ ማስቀመጫው ውስጥ ያለው ጥቁር አፈር እንዳይታይ የዛፍ ቅርፊት ስብርባሪ ከላይ እያለበሱት ሳለ፣ የበሩ ቁልፍ ሲዞር ሰሙ። እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉ። ምራታቸው ከሥራ ጉዞዋ የምትመለሰው ማታ መስሏቸው ነበር፤ እርሷ ግን ገና በቀኑ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች።

"አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤቱን ጣልኩብዎት አይደል?"

"ኧረ እኔ ነኝ እንጂ እናንተ ላይ የተጣልኩ" አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብረው ይስቁ ነበር።

በመስኮቱ ሥር የተቀመጠው ኦርኪድ የሚባል አበባ የእናቷ ነበር። እናቷ ካረፉ በኋላ ከቤታቸው ይዛ የወጣችው እርሱን ብቻ ነው። ስትሄድም፣ "በሳምንት አንዴ ጥቂት ውኃ ይበቃዋል፤ ሌላ ምንም አይንኩት" ብላ ለአማቷ አደራ ሰጠች።

እርሳቸው ግን አንድ ማለዳ ጎንበስ ብለው ቢያዩ፣ በማስቀመጫው ውስጥ አፈር የሚባል ነገር የለም። ያለው ቅርፊት ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ከእንጨት ሥራ ቤታቸው ወለል ላይ እየጠረጉ ሲደፉት የኖሩት ቆሻሻ። "ምስኪን፣ በረኃብ ሊገድሉት ነው" አሉ በሆዳቸው። ቅርፊቱን አውጥተው በከረጢት ቋጠሩ፤ ከግቢው ለም አፈር አምጥተው ሞሉለት፤ በየማለዳውም እስኪጠግብ አጠጡት። ምራታቸው ስትመለስ የምታመሰግናቸው ምስጋና ገና ከአሁኑ በጆሯቸው ይሰማቸው ነበር። ከዚያ አበቦቹ ረገፉ፤ ቅጠሎቹም ቢጫ ሆኑ። ዛሬ አፈሩን ጫር ቢያደርጉ ሥሩ በአፈሩና በውኃው ታፍኖ በስብሶ ጠበቃቸው። ከመካከሉ አንዲት ሥር ብቻ ገና አረንጓዴ ነበረች። ያን ጊዜ ነው ቅርፊቱን ከከረጢቱ አውጥተው መሸፈን የጀመሩት።

ምራታቸው ወደ መስኮቱ ሄደች። አንዱን ቅጠል ነካ ብታደርገው እጇ ላይ ቀረ። የቀሩትንም ቢጫ ቅጠሎች አንድ በአንድ ዳሰሰች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባባ" አለች በመጨረሻ። "ብርድ በሚገባበት መስኮት ሥር ትቼው ሄድኩ። እማዬ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። እርስዎንም ያለ ሥራዎ አስቸገርኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ።"

"ምን በወጣሽ" አሉ። ቃሉ ከአፋቸው እንደ ልማድ ወጣ፤ ከወጣ በኋላ ግን ፊታቸውን እንደ እሳት ለበለበው። እውነት ነበርና፤ ከእርሷ ምንም ጥፋት አልወጣም።

"እንዳለ ልጣለው። ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል" ብላ ማስቀመጫውን አንሥታ ወደ በሩ አመራች።

ከጣለችው የሠሩትን ማንም አያውቅም። ያቺ አረንጓዴ ሥርም አብራ ትሄዳለች።

"ቆይ፣ ልጄ።"

ዞር አለች። ሽማግሌው ዓይኗን ሳያዩ ማስቀመጫውን ከእጇ ተቀበሉ፤ ወደ ምግብ ጠረጴዛው ሄደው አሮጌ ጋዜጣ አነጠፉ።

"መጀመሪያ የእኔን ሥራ እዪ" አሉና በፊቷ ገለበጡት።