ደ7ና ነሽ

ሰማን በቡታጅራ ገበያ ሠላሳ ዓመት በርበሬ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ጆንያን ከላይ አይቶ አያምንም። ክንዱን እስከ ብብቱ ይሰድና ከሥር ዘግኖ ያወጣል። ውኃ የተረጨ በርበሬ ሁልጊዜ ከሥር ነው።

ትልቋ ልጁ ፈቲሀ በ2004 ዓ.ም. ሰው ቤት ልትሠራ ቤይሩት ሄደች። ጥቂት ወራት እንደቆየች መልእክቷ ውስጥ ቁጥር ይገባ ጀመር። በፈረንጅ ፊደል የምትጽፈውን ታናሿ ሰፍያ ለአባቷ ታነብለታለች።

"7ቢቢ አባ፣ እንደምን ሰነበቱ" ይላል።

"ሰባት ምን?" አለ ሰማን።

"እንጃ አባ። ሰባት ብቻ ነው።"

ሰባት ቀን ይሁን ሰባት ሰው እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። ጁምዓ ስትደውል ጠየቃት። ፈቲሀ ሳቀች።

"የዚህ አገር ልጆች ሲጻጻፉ እንዲህ ነው። ሰባት ማለት ሐ ነው፣ ከጉሮሮ የምትወጣዋ። ሦስት ደግሞ ዐይን የምትባለዋ የዐረብ ፊደል። የቤቱ ልጅ ሊን ናት ያስተማረችኝ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔም አማርኛ አስተምራታለሁ። በጽሑፍ ሰፍያን ታስከነዳታለች።"

"ማንን? እኔን?" አለች ሰፍያ።

ሰማን በልጅነቱ ቁርኣን ቤት የእንጨት መጻፊያውን ሉሕ ይዞ ተቀምጧል። ሰባትን በጣቱ መዳፉ ላይ ጻፋት። እውነትም የዐረቡን ሐ ትመስላለች። ከዚያ ወዲህ ቁጥሮቹን፣ ቀስ በቀስም የፈረንጁን ፊደል፣ ራሱ ይለይ ጀመር።

ረመዳን ሲገባ ፈቲሀ መደወል ተወች። ሲደውሉላትም ይጠራል እንጂ አይነሣም። መልእክቱ ግን ጁምዓ ጁምዓ፣ ከሶላት መልስ፣ አልቀረም።

"ደ7ና ነሽ አባ? እኔ ደ7ና ነኝ።"

ሰፍያ ሳቀች። "እርስዎን አንቺ አለችዎት። አራዳ ሆናለች በቃ።"

"አሳስተሽ አንብበሽ ይሆናል።"

"ይኸው፣ ነሽ ነው የሚለው።"

ሰማን ስልኩን ተቀብሎ አየው። ፈቲሀ አንድ ቀን እንኳ አንተ ብላው አታውቅም። ደግሞም ደህና ውስጥ ያቺ የጉሮሮዋ ሐ የለችም። እዚህ ያደገ ሰው ሰባትን እዚያ አያስገባትም።

ወደላካት ደላላ ሄደ። ደላላው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ "መልእክት ይደርስዎታል አይደል?" አለው።

"ይደርሰኛል።"

"ታዲያስ፣ ጋሼ። የሞተ ሰው አይጽፍም።"

በሚቀጥለው ጁምዓ ሌላ መጣ።

"በላሽ? እጅሽን ታጠቢ። ጨለማ አትፍሪ፣ እኔ አለሁ።"

ሰፍያ አልሳቀችም። እናቷ ዘይባ ግን ከጓዳ ሰምታ ብቅ አለች። "ለእኔ ነው" አለች፤ "አንቺ የምትለው እኔን ነው። ልጄ በላሽ ወይ አለችኝ።" ፊቷ በርቶ ተመለሰች።

ሰማን ሳምንቱን ሙሉ መልእክቱን ሲያሰላስል ሰነበተ። እጅሽን ታጠቢ ለማን ይባላል? ጨለማ አትፍሪ ለማን ይባላል? ይህን አማርኛ የሚጽፍ ሰው አማርኛን የተማረው እንዲህ ሲባል እየሰማ ነው። ሌላ አማርኛ አያውቅም።

ሦስተኛው ጁምዓ ስልኩ ሲጮኽ ሰፍያን ከጓዳው ፊት ባለው መደብሩ ውስጥ አጠገቡ አስቀመጣት።

"ጻፊ። አንቺ ልጅ፣ ስምሽ ማነው?"

"አባ..."

"ጻፊ አልኩሽ።"

ብዙ አልቆየም።

"ሊን።"

"ፈቲሀ የት አለች በያት።"

"ተኝታለች። ብዙ ቀን። ሰዎች መጡ፣ እንደተኛች በነጭ መኪና ወሰዷት። ማማ ስልኩን ጣለችው። እኔ አነሣሁት።"

ሰማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለምን ትጽፊያለሽ በያት" አለ።

"ፈቲሀ ጁምዓ ለአባ ይጻፋል አለች። ካልጻፍን አባ ያለቅሳል አለች።"

ደጅ ላይ አንድ ገበሬ ጆንያ አውርዶ ዋጋ ይጠይቃል፤ የመለሰለት የለም። ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሰፍያ ማንበብ አቃታት፤ ሰማን ራሱ ፊደል እየለቀመ ጮክ ብሎ አነበበው።

"አባ አታልቅሺ። ነይና ቀስቅሺያት።"

"ነይ አለችኝ?" አለች ዘይባ ከጓዳ።

ሰማን የመደብሩን በር ዘጋና ወደ እርሷ ገባ።