በእርሳስ የተሰመረ በር

«እራቱ ቀዘቀዘ እኮ! ስንቴ ልጥራህ?»

የሟች አለቃ «ታታሪ ሠራተኛ፣ ታማኝ…» እያሉ የጀመሩት ንግግር አፋቸው ላይ ቀረ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ወደ ሟች ሚስት፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ፣ ዞረ። እሷ ግን ከንፈሯን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። ድምፁ የእሷ ነው፤ የጮኸችው ግን መደርደሪያው ላይ የተቀመጠችው የፕላስቲክ የጠፈር መርከብ ናት። የመስኮቶቿ ሰማያዊ መብራት ቦግ እልም አለ፣ ሞተሯ ተንገጫገጨ፣ ከዚያ ዝም አለች። ዝም የምትለውም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መሬት መሬት እያየች። «ይቀጥሉ።»

አለቃው ከየት እንደሚቀጥሉ ጠፋቸው። «እንግዲህ… እግዜር ያጽናሽ» ብለው ከፔርሙስ የተቀዳላቸውን ቡና ፉት አሉ። እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ቀኑን በሰው ሕንፃ ሊፍት ሲያወጣ ሲያወርድ ይውልና፣ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር የጠፈር መርከቡ ላይ ይደፋል። ተበታትና በካርቶን የምትሸጥ፣ ልጆች በአንድ ቅዳሜ ገጣጥመው የሚጨርሷት ሞዴል ናት። እሱ ግን እንደመጣች መገጣጠም መች ሆኖለት! መስኮቶቿን አንድ በአንድ በመርፌ በስቶ ከኋላቸው የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ አምፖሎች ተከለ። ስፒከር አስገባላት። ክር የመሰለ ሽቦ እየበየደ የምግብ ጠረጴዛውን ወሮ ያዘው። ሰፈርተኛው «ካፒቴን» የሚል ስም አወጣለት፤ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በሹፈት። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ በላች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ማለቂያ የለውም?» ስትለው መልሱ አንድ ነው። «ትንሽ ቀርቷታል።»

ትንሽ እንደቀራት፣ ሊፍት ቆመ ተብሎ ከአንድ ሕንፃ ተጠራ። ሊፍቱ ስለማይሠራ በደረጃ ወጣ። ደረጃው ላይ ልቡ ቀጥ አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ለመጣው ለሄደው ሁሉ ስትተርክ የሚተናነቃት እንባ ሳይሆን ንዴት ነው። ሊፍት ጠጋኝ እንዴት ደረጃ ላይ ይሞታል? ቁጭ ብሎ ማረፍ ምን ያቅተዋል? የምትጣላው ሰው ደግሞ የለም፤ ንዴቷን ይዛ እንግዳ ትቀበላለች።

መርከቧን የዘጋት የሟች ታናሽ ወንድም ነው። እጁ ከሐሳቡ ስለሚቀድም ፈጣኑ ይሉታል። ጠረጴዛው ለእንግዳ ሲፈለግ፣ መርከቧን ለሁለት ተከፍላ፣ ሽቦዋ ተዘርግፎ አገኛት። «ወንድሜ ሳይጨርሳት!» ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አልቅሶ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ እሱ ግን ትሠራ እንደሆን ልሞክር ብሎ አበራትና፣ ስትበራ ደስ ሲለው፣ ሁለቱን ግማሽ ገጥሞ በማጣበቂያ ጥርቅም አድርጎ ዘጋቸው። «እህቴ፣ ጨረስኩልሽ!» እያለ ሲያመጣላት ፊቱ ወገግ ብሎ ነበር። ማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ ቀረ። ባትሪውም ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ መርከቧም አላረፈች፣ ቤቱም አላረፈም። በብርድ ልብስ ጠቀለሏት፤ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ጠራች። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉባት፤ ያ ደግሞ ጭራሽ ባሰ፣ ሰው የታሰረ እየመሰለ እንግዳው ሁሉ ዓይኑን ቁም ሳጥኑ ላይ ተከለ። ፈጣኑ ጥፋቱ ሲገባው መዶሻ ይዞ መጣ።

«አንዴ ልበላት፣ እህቴ? አንዴ ብቻ።»

«እጅህን እንዳታነሳባት!» ብላ ጮኸችበት። ራሷም ደነገጠች። በመስኮት እወረውራታለሁ እያለች ስትዝት የኖረችው እሷ አይደለችም እንዴ?

«እራቱ ቀዘቀዘ እኮ! ስንቴ ልጥራህ?» አለች መርከቧ ከመደርደሪያዋ።

የሟች አክስት ከጎናቸው ወደተቀመጠችው ሴት ጠጋ ብለው፣ የሚያንሾካሹኩ መስለው ግን ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ «እንዲህ እየጮኸችበት ነው የኖረው፣ ልጄ?» አሉ።

«ሲቀዘቅዝ ምን ልበለው፣ እትዬ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እርስዎ ቢሆኑ ያቅፉት ነበር?»

አክስቲቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ልብስ ሰፊዋ ግን ቃሉ ከአፏ ከመውጣቱ ቆጫት። ደግሞስ ምን ሐሰት አለው? ጮኻበታለች። ስትጠራው «መጣሁ» ይላል፣ አይመጣም። ሾርባው ስብ እስኪያወጣ አይመጣም። ያንን ጩኸቷን ከዓለም ድምፅ ሁሉ መርጦ መርከብ ውስጥ መክተቱ ለምንድን ነው? ሊያሾፍባት? ሞቶም ሊያሾፍባት?

አለቃው ሲወጡ የሽቦና የአምፖል ነጋዴው ገባ። ካፒቴን ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር የማይቀርበት ሱቅ ባለቤት ነው። ነፍስ ይማር ብሎ፣ አለቃው የለቀቁትን ወንበር ይዞ፣ ገና አንገቱን ሰበር ከማድረጉ መርከቧ ጮኸች። ነጋዴው ሳያስበው ፈገግ አለ፤ ወዲያው አፉን በእጁ ሸፈነ።

«ሳቅ፣ ምን ቸገረህ» አለችው ልብስ ሰፊዋ። «ሀገር የሳቀብኝ ነው።»

«ኧረ በፍጹም። የሞተሩን ድምፅ አወቅሽው?»

«የሚንገጫገጭ ነገር።»

«የስፌት መኪናሽ ነው እኮ! ካፒቴን ስልኩን ከሥሩ ደብቆ ቀዳው። እኔ ሱቅ ሁለታችን አዝግመን፣ አወፍረን… ደህና አድርገሽ ስሚው።»

ደህና አድርጋ ሰማችው። እውነትም መኪናዋ ነው። ቀበቶው ሸርተት የሚልበት፣ በየቀኑ የምትረግመው ቦታ ሳይቀር አለ።

«እሺ፣ መኪናውስ ይሁን። ድምፄን ምን ሊያደርገው ነው?»

«እኔም ብዬው ነበር። የተዘጋጀ የአዛዥ ድምፅ አለኝ፣ ወንድ፣ ጎርናና፣ በነፃ ውሰድ አልኩት። ‹አይ፣ መርከቧ አዛዥ አላት› አለኝ። ‹እሷ ካልጠራችኝ እኔ ከጠፈር የምመለስ ሰው አይደለሁም።›»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ መርከቧን አየች። ከዚያ «ታዲያ ለእኔ አይነግረኝም ነበር? ይሄ ደረቅ!» አለችና፣ ከቀብሩ ወዲህ እንቢ ያላት እንባ ዱብ ዱብ አለ። የተናደደ ሕፃን እንደሚያለቅሰው፣ እግሯን ወለሉ ላይ እየመታች አለቀሰች። አክስቲቱ ተነስተው መጥተው ጭንቅላቷን ያዙላት።

እሷ እያለቀሰች መርከቧ እንደገና ጀመረች። አሁን ግን ድምፁ ተጎተተ። «እራ…ቱ… ቀዘ…» አለ፣ ወፍሮ፣ የማታውቀው ሰው መስሎ። መብራቶቹ ደብዘዝ አሉ። ነጋዴው ከወንበሩ ተነሳ።

«ባትሪው እየወረደ ነው። ይሄ ዓይነቱ ጭርሱን ካለቀ መልሶ አይሞላም። ውስጥ ሆኖ ካበጠ ደግሞ ቦርዱንም ይዞት ይሄዳል። መብራቱም፣ ድምፁም፣ ሁሉም።»

«መቼ?»

«እንጃ። ዛሬን የሚዘልቅ አይመስለኝም።»

ይህን የሰማው ፈጣኑ መርከቧን አንስቶ በቢላ መጋጠሚያዋን ፈልቀቅ አደረገ። ቀጭ! የቀኝ ክንፏ ጫፍ እጁ ላይ ቀረ።

«አምጣ! አምጣት ወዲህ!» ልብስ ሰፊዋ ነጠቀችው። «አንተ ደግሞ እጅህን ሰብስብ! ወንድምህ ሁለት ዓመት የደከመባትን በሁለት ቀን ልትጨርሳት ነው?»

ፈጣኑ የተሰበረውን ክንፍ ይዞ ጥግ ላይ ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞላ። አሳዘናት፤ ግን አሁን እሱን ማባበያ አቅም የላትም።

መርከቧን ገልብጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘቻት። ሆዷ ላይ፣ ግራጫው ቀለም መሃል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ካሬ በእርሳስ ተሰምራለች። ለነጋዴው አሳየችው።

«በሩ!» አለ ነጋዴው። «የሆዱ በር! ከሥር በኩል ከፍቶ ሊያጠፋት፣ ባትሪውንም ሊሞላባት። ጥቃቅን ምላጮች የገዛኝ ለዚህ ነበር።»

«ለክቶ፣ አስምሮ… ታዲያ ቢቆርጠው ምን ነበረበት?» ንዴቷ ተመልሶ መጣ። ለክቶ አስምሮ ወደ ሊፍቱ ሄደ! ሆኖም ሌላ ሰው ባሰመረው ላይ መቁረጥ እድሜ ልኳን የኖረችበት ሥራ ነው። የስፌት መኪናዋን መብራት አበራች፣ ከመሳቢያው ምላጩን አወጣች፣ መርከቧን ጭኗ ላይ አጋደመች።

«ጠለቅ እንዳታደርጊ» አለ ነጋዴው። «ሽቦው ከሥሩ ነው።»

ፕላስቲክ እንደ ጨርቅ አይደለም፤ ያንሸራትታል፣ ይነክሳል። አንዱን ጎን ስትጨርስ ምላጩ አምልጦ ጣቷን ቆረጣት። ጣቷን መጥጣ ቀጠለች። መርከቧም ጭኗ ላይ ሆና እየተንገጫገጨች «እራ…ቱ…» አለችባት።

«መጣሁ፣ መጣሁ! ትንሽ አትታገሽም?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ለራሷ ድምፅ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ጠጋ ጠጋ ብሎ ቆመ።

ሦስተኛው ጎን አለቀ። አራተኛው ላይ የሞተሩ ድምፅ ወደ ማጉረምረም ወረደ፤ የኋላ መስኮቶች አንድ በአንድ ጠፉ። ምላጩን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ገፋችበት። ካሬዋ ተነቅላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ማጥፊያው ልክ ከሥሩ ተቀምጧል፣ ለጣት የሚመች ቦታ ላይ። ተጫነችው።

መብራቱ ጠፋ። ሞተሩ ዝም አለ።

«እፎይ!» አሉ አክስቲቱ።

«ተረፈች» አለ ነጋዴው። «ሱቅ ወስጄ በዚያው ቀዳዳ እሞላታለሁ። ምንም አትሆንም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ሰው ሲመኘው የሰነበተው ጸጥታ ነው። ልብስ ሰፊዋ መርከቧን ጭኗ ላይ እንደያዘች ጥቁር ጥቁር መስኮቶቿን አየች። ከዚያ ጣቷን በበሩ አስገብታ መልሳ ተጫነችው። ፊት ያሉት መስኮቶች ፈዘው በሩ።

«ምን ሆንሽ፣ እህቴ?» አለ ነጋዴው። «ባትሪው እኮ አይችልም!»

«ቆየኝ» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «ጠፍቶ፣ ስጠራው ሲመለስ ልየው ብዬ ነው።»

ነጋዴው እጁን ለመቀበል ዘርግቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ መለሰው።

አጠፋችው። ጠበቀች። አበራችው።

«አንዴ ብቻ» አለች፣ እና እንደገና አጠፋችው።