ከጋኖቹ ስር የነበረው ስም

የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች በቤቴ በር ላይ «6» የሚል የጎብኚዎች ሰሌዳ ከለጠፉ ወዲህ ሰላም የለኝም። ካርታ የያዘ ሁሉ ከወደቡ ተነስቶ ዳገቱን እያለከለከ ይወጣና፣ ስልኩ የሚነግረውን እየሰማ የቤቴ መሠረት ላይ ያፈጣል። ምን ይገርማል? በጦርነቱ ጊዜ ከተማችን ቡሳን በስደተኛ ስትጥለቀለቅ ለእኛ የተረፈን ይገዙን የነበሩት ጃፓኖች ትተውት የሄዱት መቃብር ብቻ ነበር። እናቴ እኔን አዝላ መጣች፣ የመቃብር ድንጋይ ደርድራ ቤት ሠራች። አሚዶንግ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያልሠራ ማን አለ?

ታዲያ እንዲሁ አልኖርንም። በየበዓሉ ከራሳችን ሙታን በፊት ለድንጋዩ ባለቤት ምግብና መጠጥ እናቀርባለን። የእኛ ድንጋይ ጓሮ ነው፣ የአኩሪ አተር ድልህ የምናስቀምጥባቸው ጋኖች ስር። «ሽማግሌ ናቸው፣ ደግሞ ቁጡ» ትል ነበር እናቴ። ከየት እንዳመጣችው እንጃ፤ እሷም እኔም ፊደሉን አናነብም። እሷ ከሞተች በኋላ እኔ ሃምሳ ዓመት የሩዝ ጠላ ቀዳሁላቸው፣ ሲጋራ ለኮስኩላቸው።

እሳቸው ግን አልረኩም። ሊመሽ ሲል የጓሮው በር ይንኳኳል፤ ዝቅ ብሎ፣ ከወገቤ በታች። ዕቃ ሳጥብ የቀሚሴ ጫፍ ይጎተታል። በከዘራቸው ነው እል ነበር። ባሌ በሞተ ዓመት በቃኝና፣ «አንቱ የማይጠግቡ ሽማግሌ! ይውጡልኝ!» ብዬ ክፉ መንፈስ የምናባርርበትን ጨው በተንኩባቸው። አንድ ወር ጭጭ አሉ። ከዚያ ከድንጋዩ በኩል ቀጭን ለቅሶ መሰማት ጀመረ። ንፋስ ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ።

ልጄ ጃንግሆ «ሐሙስ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ» ካለኝ ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ሳልሰናበታቸው ብሄድ ተከትለውኝ ቢመጡስ? የልጅ ልጆቼ ላይ ቢያርፉስ? ለመሰናበት ደግሞ በስማቸው መጥራት አለብኝ፣ ስማቸውን አላውቅም።

ማክሰኞ ጋኖቹን አንስቼ ድንጋዩን ሳጥብ፣ አንዲት ካርታ የያዘች ወጣት በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

«እማማ፣ ስድስተኛው እዚህ ነው?»

«ዓይን የለሽም? በሩ ላይ ተጽፏል!»

«ስልኩ የሚያወራው ስለ ግድግዳው ነው። ስለዚህኛው ድንጋይ ምንም አላለም።»

«ስልክሽ ምን ያውቃል! ይልቅ ጃፓንኛ ታነቢያለሽ?»

«ዩኒቨርሲቲ የምማረው እሱን ነው። ዳሶል እባላለሁ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሻል? ግቢ! የኚህን ሽማግሌ ስም ንገሪኝ።»

ተንበርክካ ፊደሎቹን በጣቷ ተከተለች። ከዚያ ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ምነው? ተፍቋል?»

«አልተፋቀም። ግን ሽማግሌ አይደሉም፣ እማማ። ፉሚ ይላል። ሴት ልጅ ናት። የአራት ዓመት።»

«ደግመሽ አንብቢው።»

ደግማ አነበበችው። አሁንም አራት ነው።

እርጥቡ መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። ወይ ጉዴ! የአራት ዓመት ልጅ እጇ የት ድረስ ይደርሳል? ከወገቤ በታች ነዋ! ቀሚሴን የያዘችው እናቷ መስዬያት ይሆናል፤ እኔ ግን ጠላ ቀዳሁላት፣ በሲጋራ ጭስ አፈንኳት፣ ስታለቅስ መስኮት ዘጋሁባት። ጨውስ? ምን ዓይነት ሴት ነኝ!

«እርስዎ በምን ሊያውቁ ይችሉ ነበር?» አለች ዳሶል።

«አታባብዪኝ! በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ምንድነው የሚወዱት?»

«እኔ እንጃ… ወተት?» ቦርሳዋን በርብራ አንዲት ከረሜላ አገኘችና ልጣ ድንጋዩ ላይ አኖረችው። ከዚያ ወደ ሰባተኛው ቤት አልሄደችም፤ ካርታዋን አጥፋ የመጣችበትን ዳገት ወረደች።

እኔ ወተት አሙቄ በትንሽ ኩባያ አቀረብኩና ለጃንግሆ ደወልኩ።

«ሐሙስ እንዳትመጣ።»

«ምን ሆንሽ፣ እማዬ? አሞሻል?»

«አላመመኝም። ቤት ውስጥ ልጅ አለች።»

«ልጅ? የማን ልጅ?»

እንባዬ ቀደመኝ።

«የእኔ» አልኩት። «ብቻዋን ትቻት አልመጣም።»