ሽማግሌ አይሮጥም

እኔ የሺአረግ ስብከት አልችልም። አፌን ስከፍት ወይ እቆጣለሁ ወይ እስቃለሁ። መርፌ ስይዝ ግን ሌላ ሰው ነኝ። በጃንሆይ ጊዜ ባሌ ለመንግሥት ሥራ ከሸዋ ነቀምቴ ሲያመጣኝ፣ ቀኑ አልገፋ ቢለኝ የወንጌል ታሪክ በአቡጀዲ ላይ በሥዕል መጥለፍ ጀመርኩ። ጎረቤት «ይሄ ምንድን ነው?» ካለ እነግረዋለሁ። ካላለም ጥልፉ ያምራል፤ ምን ከሰርኩ።

ጎረቤቴ ድርቤ ያን ሰሞን መንገድ መንገዱን ስታይ ነበር የምትውለው። ልጇ አዱኛ የአባቱን የኮርቻ በቅሎ ሳያስፈቅድ ለሚዜነት አርጆ ድረስ ጋልቦ፣ ገደል ከቷት፣ በኀፍረት እዚያው ቀርቷል። አባቱ ኦቦ ፉፋ ደግሞ «ደጄን እንዳይረግጥ» ብለው ምለዋል። ዓመት አልፎታል። ድርቤ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው። ግን አገር የሚያስታርቁትን ኦቦ ፉፋን እኔ ምን ብዬ ልምከር? ቤተ ክርስቲያንም ለቀብር ካልሆነ አይሄዱ። ስለዚህ ከገበያ ሲመለሱ በሚያዩኝ በኩል በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ የጠፋውን ልጅ ታሪክ መጥለፍ ያዝኩ።

እንዳሰብኩት ቆሙ።

«አካም ኦልቴ፣ አዴ የሺ» ብለው በኦሮምኛ እንዴት ዋልሽ አሉኝ። «ይሄ የሚሮጠው ሽማግሌ ሌባ እያሳደደ ነው?»

«አባት ነው፣ ኦቦ ፉፋ። ንብረቱን ያባከነ ልጁ ሲመለስ አይቶ ነው የሚሮጠው። ጌታችን የተናገረው ታሪክ ነው።»

በከዘራቸው የሽማግሌውን እግር ጠቆሙ። «ሽማግሌ አይሮጥም። ፍቺና በርጩማ ላይ አስቀምጪው።»

ደሜ ፈላ። ዓይኔን ያጠፋሁበት እግር ነው እኮ። ድርቤ ግን ከአጥሯ ወዲያ ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች። ምን ላድርግ፣ ፈትቼ አስቀመጥኩት። በማግስቱም መጡ። ፍሪዳው ሻኛ የለውም አሉ፤ ሻኛ ጨመርኩ። ጋቢው አጠረ አሉ፤ አስረዘምኩ። ታሪኩንም ከእሪያዎቹ ጀምሮ እስከ ግብዣው አስነገሩኝ፣ ደግሞም አስደገሙኝ። ታላቅ ወንድምየው ያኮረፈበት ላይ ስደርስ «እውነቱን ነው» ይላሉ። ተስፋዬ ቁርጥ ይላል።

አንድ ቀን የተጠለፈውን ልጅ ትኩር ብለው አዩት። «እጁ ባዶ ነው። እርጥብ ሣር ሳይዝ ይቅርታ የሚለምን ምን ዓይነት ልጅ ነው? እርጥብ ሣር የያዘማ ማን ፊት ይነሳዋል?»

በወለጋ ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዳይ እርጥብ ሣር ይዞ ከመጣ ይቅርታ ሳያገኝ አይመለስም። በአረንጓዴ ክር ሣሩን አስያዝኩት። ድርቤ ለካ ሰምታለች። ወደ አርጆ በሚሄድ ነጋዴ «ሣር ይዘህ ና» ብላ ላከችበት።

አዱኛ እሑድ ከሰዓት መጣ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኦቦ ፉፋ በረንዳዬ ላይ በርጩማ ስበው የፍሪዳውን ቀንድ ያርሙኛል። ቀና ስል ልጁ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል፤ ከስቷል፣ አንገቱን ደፍቷል። ሣርም ይዟል። ግን ሞኙ፣ ሣሩን የነጨው አርጆ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ጨብጦት መጥቶ ደርቆ ገለባ ሆኗል። ድርቤ አይታ ራሷን ያዘች። ደረቅ ሣር ይዞ ለምሕረት መቆም፣ ከባዶ እጅም ይብሳል።

ኦቦ ፉፋ መነሳታቸውን ያወቅኩት በርጩማው ሲገለበጥ ነው። ሮጡ። ጋቢያቸው አጥሩ ላይ ቀረ፣ አንድ ጫማቸው በቦዩ ጭቃ ውስጥ ቀረ። መንገዱ ዳር ጎንበስ ብለው ለምለም ሣር ነጩ፤ ደረቁን ከልጃቸው እጅ ጥለው እርጥቡን አስጨበጡትና አቅፈውት አለቀሱ። እኔም በጥልፉ እንባዬን ጠረግኩ፤ ሌላ ጨርቅ አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት መጡ። «እግሩን መልሺለት» አሉኝ።

«ሽማግሌ አይሮጥም ብለው አልነበር?»

«ዝም ብለሽ ጥለፊ። ሣሩንም ከልጁ እጅ ፍቺና ለአባትየው ስጪው። ልጁማ ምን ይዞ መጣ?»

አንዱን እግር ያለ ጫማ ጠለፍኩት፤ አይተው በከዘራቸው ወደ ሣሩ አለፉ። አረንጓዴው ክር አልቆብኝ ነበርና፣ ድርቤ እየሮጠች ከዓረቡ ሱቅ ገዝታ መጣች።