ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

ልጄ ማላዝ የድምፅ ማጉያ አፍ ትሠራለች። ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው እንዲህ ነው፤ እሷ ግን «ሆርን በይው፣ ዩማ» ትለኛለች፤ ዩማ እማዬ ማለቷ ነው። በገባኝ መጠን ላስረዳ። ድራይቨር የሚሏት ጭብጥ የምታህል ከባድ ብረት አለች። በሆዷ ያለው ስስ ሽፋን ሲንቀጠቀጥ ድምፅ ይወጣል፤ ብቻዋን ስትጮኽ ግን ከትንኝ አትሻልም። እየሰፋ የሚሄድ አፍ ከፊቷ ሲገጠምላት ነው ድምፁ የሰርግ ድንኳን የሚሞላው። የአፉ ቅርጽ ከተበላሸ ፊት ለፊት የተቀመጠው ይደነቁራል፣ ዳር የተቀመጠው ደግሞ ቀጫጭኑ ድምፅ አይደርሰውም።

ማላዝ ይህን አፍ መጀመሪያ የምትሠራው በኮምፒውተር ነው። ሲሙሌሽን ይባላል፤ እንጨት ሳይቆረጥ ድምፁ ወዴት እንደሚሄድ በቀለም ያሳያል። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ እጨነቃለሁ። በጎልማሶች ትምህርት መምህራችን ስህተቴን በቀይ ስለሚያከብብልኝ፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ባየሁ ቁጥር «ምን ሆነ? ተበላሸ?» እላለሁ። ቀዩ ድምፁ የሚበረታበት ቦታ መሆኑን ስንቴ ነግራኛለች። እኔም ስንቴ ደንግጫለሁ።

ናዲር ኦምዱርማን ውስጥ ለሰርግና ለለቅሶ የድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሰው ነው። ያረጁ ሆርኖቹን ሊለውጥ ነው። ሐሙስ ከአስር ሰላት በኋላ እኛ ሰፈር፣ ዴም ድረስ መጥቶ የማላዝን እንደሚሞክር፣ ሲሙሌሽኑ ያለውን ሆኖ ካገኘው ሥራውን ለሷ እንደሚሰጥ፣ ካልሆነ በማግስቱ ከገበያ እንደሚገዛ ነገራት። ልጄ ትምህርቷን ከጨረሰች ወዲህ ሥራ ብሎ የጠራት እሱ ብቻ ነው።

ልኬቱ ጸጥታ እንደሚፈልግ ማላዝ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። ለኔ አንድ ጊዜ ይበቃል። ሐሙስ አርካዊት ሰፈር ከማጸዳበት ቤት ፈቃድ ጠይቄ በጊዜ መጣሁና በየበሩ ዞርኩ። ረክሻ ነጂዎቹን ሞተር አስጠፋሁ፣ የሻይ ቤቱን ሙዚቃ አስዘጋሁ። ምን እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ስለ ድራይቨርና ስለ ሆርን ብጀምር እስከ መግሪብ አልጨርስም። ስለዚህ ዛሬን ብቻ ዝም በሉልን፣ አላህ ይስጣችሁ እያልኩ አለፍኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔ ከጭንቀት ብዛት እንባ አዝሏል። እኛ ሰፈር ሴት እንዲህ ሆና ሙዚቃ ካስዘጋች ትርጉሙ አንድ ነው። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ በዚያ ሰዓት ግን አላወቅኩም።

ስመለስ ማላዝ ሆርኑን በራችን ፊት ጠረጴዛ ላይ አቁማለች። መንገዱ ጭር ብሏል። በራሴ ኮራሁ። ከዚያ አምና የምትባል ጎረቤታችን ጌጧን አውልቃ፣ ቶቧን እስከ ግንባሯ ስባ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አለች። ከኋላዋ ወንዶች የፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ይመጣሉ። አቅፋኝ እያለቀሰች የማጽናኛ ቃሏን ተናገረች።

«አል-በረካ ፊኩም፣ እህቴ። ወሎ ያሉት እናትሽ ናቸው አይደል? ፊትሽን ሳየው ነው ያወቅኩት።»

እናቴን በዚያው ጠዋት በስልክ አነጋግሬያታለሁ፤ ድምጿ ከኔ ይበረታል። ይህንኑ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን ደንግጬ «ማን ነገረሽ?» አልኳት። አምና ይህን ስትሰማ ጮኻ አለቀሰች። እኔም ከሷ ብሼ እያለቀስኩ ወሎ ደወልኩ። እናቴ አነሳችና በቀን ሁለቴ የምደውለው ሥራ ፈትቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እስከዚያ ወንበሩ መንገዱን ሞልቶታል። ወንዶቹ እየተፈራረቁ መዳፋቸውን ለፋቲሃ ይዘረጋሉ፤ እኔም እዘረጋለሁ፣ ሰው መዳፉን ዘርግቶልሽ እጅሽን አትሰበስቢም። ማላዝ ልኬቷን መጀመር አልቻለችም። ቁጣዋን ጠበቅኩ። እሷ ግን ወንበሮቹን ከፊት እስከ ኋላ፣ ከግራ ዳር እስከ ቀኝ ዳር ስታይ ቆየች። ከዚያ የንግግር ማይክሮፎን ሰካችና እጄ ላይ አኖረችው።

«አንቺ ነሽ የጠራሻቸው፣ አንቺ ንገሪያቸው» አለች። «ዳር ያሉት ጥርት አድርገው ከሰሙሽ፣ ከዚህ የተሻለ ልኬት የለም።»

ማንም አለመሞቱን በዐረብኛ ተናገርኩ። ድምፄ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደ፤ እንዲህ ትልቅ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ስለ ልጄ ሥራም ነገርኳቸው። ሰው መሳቅ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ያደረግነው ፋቲሃ ለማን ሊሆን ነው ብለው ጠየቁ፤ ለሞቱት ሁሉ ይድረስ ብላ አምና ፈረደች።

እኔ ግን ናዲርን በመልክ ስለማላውቀው መምጣቱን አላወቅኩም። ማይክሮፎኑን ወደ ደረቴ ዝቅ አድርጌ ወደ ማላዝ ጆሮ ጠጋ አልኩ። «ያ ቀብራራ ሰውዬ መጣ ወይስ ቀረ?» ብዬ ሹክ አልኳት። በዐረብኛ ስናገር ስለቆየሁ ሹክሹክታዬም በዐረብኛ ወጣ። አማርኛ ቢሆን ኖሮ ተርፌ ነበር።

በግራ በኩል፣ የመጨረሻው ረድፍ ዳር ላይ፣ ትከሻው ግድግዳ የነካ አንድ ሰው እጁን አነሳ። ሲደርስ ለቅሶ መስሎት ፋቲሃ አድርጎ ተቀምጦ ኖሯል።

«ቀብራራው መጥቷል፣ ሐጃ» አለ። «አንዲት ፊደል አላመለጠችኝም።»

ማይክሮፎኑ ከእጄ ወደቀ። ሆርኑ የመውደቁንም ድምፅ ለሁሉም አደረሰ።

ናዲር ተነስቶ ዳር ዳሩን ባለው ወንበር ሁሉ ላይ እየተቀመጠ፣ ማላዝን በማይክሮፎኑ እንድታንሾካሹክ አዘዛት። የቀኙ ዳር ትንሽ ይደክማል አለ። ሲሙሌሽኑ ሁለቱን ዳር እኩል ነበር ያሳየው፤ ማላዝ የቀኙን ጎን ስትጠርበው እንደሳተች አልደበቀችም። እሱ ወደ ሆርኑ ተመለሰ።

«ያላ፣ መጀመሪያ ሁለት ሥሪልኝ። ቀኙ ከተስተካከለ የቀሩትንም ላንቺ እሰጣለሁ» አለ፤ ቀጥሎ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «በልኬቱ ቀን ግን እናትሽ ሥራ ቦታዋ ትዋል።»

ማላዝ እሺ አለች። ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደችም።