ርካሹ ለማን ይደርሳል

ከፋሲካ በፊት ባለው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ፣ እኔና ባለቤቴ አለኸኝ ከልጃችን ከሬዑት ጋር ሐኪሙ ፊት ተቀምጠን ነበር። እዚህ እስራኤል ከምንኖርባት ከቂርያት ጋት በአውቶቡስ ነው የሄድነው። አለኸኝ ቀኝ ሳንባው ላይ ካንሰር ተገኝቶበት፣ በሮቦት ቀዶ ሕክምና ይደረግልሃል ተብሏል። እሱ ሮቦቱን አልፈራም። በሚሠራበት ፋብሪካ ካርቶን የሚደረድር ሮቦት ስለነበረ፣ መንገዱን ሁሉ «የሥራ ባልደረባዬ ነው» እያለ ሲቀልድ ነበር።

ሐኪሙ ሌላ ነገር አነሳ። ሳንባውን ቆርጦ በጥቃቅን ብረት የሚሰፋ መሣሪያ አለ። አንዱን ዓይነት ሮቦቱ ራሱ ይይዘዋል፤ ሌላውን አጠገብ የቆመ ረዳት ሐኪም በእጁ ይይዘዋል። ሥራቸው አንድ፣ ዋጋቸው ግን የተለያየ ነው። ሆስፒታሉ ወጪያቸውን በጥናት እያነጻጸረ ስለነበር አለኸኝም ጥናቱ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ጠየቀ።

የኔ ዕብራይስጥ ከጽዳት ሥራዬ አያልፍም። የተረጎመችልን ሬዑት ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከቤት አይወጣም።

«አባ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው» አለችው። «አንዱ ግን ርካሽ ነው። የትኛው እንደሚደርስህ በዕጣ ነው።»

አለኸኝ ፈገግ አለ። «ርካሹ ለማን እንደሚደርስማ አውቃለሁ። ዕጣ ምን አደከማቸው?» ብሎ ኮቱን አንስቶ ወጣ።

ርካሽ እኛ ዘንድ ለዕቃ ብቻ አይባልም፤ ሰውም ይሰደብበታል። ልጅቱ ይህን ከየት ታውቀው።

የሆስፒታሉ ነርስ ሲቫን ደውላ፣ ጥናቱ ይቅር፣ የፈለገውን መሣሪያ ይምረጥ አለች። ነገርኩት።

«ተኝቼ የቱን እንዳስገቡ ማን ያይልኛል? አንቺ እንደሆንሽ በር ላይ ነሽ» አለኝ።

 

ሬዑት ዳግም እንዳትሳሳት ፈርታ አማርኛ መናገሩን ተወችው። እሷ በዕብራይስጥ ትጠይቃለች፣ እሱ በአማርኛ ለኔ ይመልሳል፣ እኔ በሰባራ ዕብራይስጤ አደርሳለሁ። በዚያች ጠባብ ቤት ሦስታችንም እየተያየን፣ የሚደማመጥ ጠፋ። ስልኩ ሲጮኽ እንዳይሰማ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አነሳለሁ። ሲቫን የቀዶ ሕክምና ቀን ትሰጠኛለች፤ እሺ እላለሁ፤ ቀኑ ያልፋል። ከግድግዳው ወዲያ ሲያስል እሰማዋለሁ። ልውጣ ብል የት እሄዳለሁ? ብጮኽስ በየትኛው ቋንቋ?

ሲጨንቀኝ ሽማግሌ ላክሁበት፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ እንደሚላከው። አባ ማለደ ካርሜ ጋት ሰፈር ካለው የልጃቸው ቤት መጡ። ከአገር ቤት ጀምሮ ያውቁታል። ስለ ሐኪምም ስለ መሣሪያም አንድ ነገር አላነሱም። ውሃ ጠጡ፣ ስለ ጉልበታቸው አማረሩ፣ ሊፍቱን ሰደቡ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«ርካሽ አይደለሁም ነው የምትለው?»

«አዎ፣ አባ ማለደ።»

«ታዲያ ሞተህ ነው የምታሳያቸው?»

አለኸኝ ወደኔ ዞረ። 

«ይደወልላቸው» አለኝ።

ያኔ ከፋሲካ ሰባት ሳምንት በኋላ የሚውለው በዓል፣ ሻቩዖት፣ አልፎ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሳንባውንና ሆዱን እንደገና በሲቲ ስካን አነሡት። ካንሰሩ ወደ ግራው ሳንባና ወደ ጉበቱ ተሻግሯል። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን ሰረዘው። ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱም አልነካውም። መስከረም ግድም ከሚውለው የዳስ በዓል፣ ከሱኮት በኋላ ባለው ሳምንት እዚሁ ቂርያት ጋት ቀበርነው።